ቅምቅማት

ሞጣ፣ ከገበያው በላይ፣ ከቆርቆሮ በረንዳ ሥር፣
ሲንጀሬ ስትንቀጠቀጥ፣ ልጄ ከጎኔ ስትቆጥር፤
የሙሉ ጣሳ ቁልፍ ነው፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት፣
የካፖርቱን፣ የሸሚዙን፣ የምትለየው በጣት።

ስሟ ይታይሽ ነው።
እናቷ አትጠገብ ገና አራስ ሳለች፣
በብሌኗ ላይ የወተት ጠብታ የመሰለውን ሳታይ፣ ደስ ብሏት አወጣች።
ጎረቤት ሲጠራት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
ስም መጥራት መስሎት ሳለ፣ ሽሙጥ ይሆንበታል።
አንድ የቅኔ ተማሪ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣
"ሰምና ወርቅ ነው" አለኝ፣ ስሟን ሁለቴ ጠርቶ።
"ወርቁስ የታል?" አልኩት።
ልኩን ሰጥቶኝ ሄደ።

ሌሊቱን በሚኒባስ፤ አዴት ላይ ቀን ወጣ፣
ባሕር ዳር ወረፋ፤ ተራችን በሦስተኛው ቀን መጣ።
"ረፍዷል፣ ግን አልመሸም" አለ ዶክተር ምንይችል፣
በትንሿ መብራቱ ብሌኗን ሲያስተውል።
በወረቀት ሳለልኝ፤ ሞራው የሚወጣበት፣
በባዶው ቦታ ደግሞ ሌንስ የሚተከልበት።
"ይተከላል?" አልኩት። ቁልፍም እኮ ይተከላል።
"ስንት ይሆናል ስፋቱ?" ልክ ሳልጠይቅ መች ይሆናል!
"ከሸሚዝህ ቁልፍ ያንሳል" አለኝ፣ "ክርም አይፈልግ፤
ሁለት ቀጫጭን ክንዶች አሉት፣ በነሱ የሚደገፍ።"

ቀጥሎ የነገረኝ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።
"የልጅ ዓይን ያድጋል" አለ፣ "ሌንሱ ግን አያድግም።
ዛሬ ልክ ካደረግሁት፣ ስታድግ ልኩ ይጠፋል፤
አጉድዬ አስገባለሁ፣ ጉድለቱን መነጽር ይሞላል፤
ዓይኗ ሲደርስበት ደግሞ መነጽሩ እየሳሳ ይሄዳል።"

ሳቄ መጣ። በዚያ ወረፋ፣ በዚያ የመድኃኒት ሽታ መሃል!
ደንግጦ አየኝ ዶክተሩ፤ አበደ ብሎኝ ይሆናል።
ይህንማ እኔ አውቀዋለሁ! ሃያ ዓመት የሠራሁት፣
የጥምቀት ቀሚስ ለልጅ ስሰፋ፣ ከታች አጥፌ የምተውለት፤
ሦስት ጣት ትርፍ ቅምቅማት፣ በላላ ስፌት የተመታ፣
"አደገች" ስትል እናቷ፣ በምላጭ የሚፈታ።

"ፈርሙ" አሉን። ሰመመኑ፣ ቁስሉ፣ ምናልባት የሚለው ሁሉ።
አትጠገብ ጣቷን አተመች፤
ቀለሙን በነጠላዋ ጠረገች፣ አሁንም አለ እድፉ።

በሩ ላይ ሸሚዜን ይዛ አልለቅም አለች።
ነርሷ በቀስታ ስትስባት፣
ቁልፌን ይዛው ገባች።
ሰመመን ሲይዛት ነው አሉ፣ ጭብጧ የተፈታው፤
ነርሷ በፕላስተር ከካርዷ ጋር የለጠፈችው።
እኔ ኮሪደሩ ላይ፣
በደረቴ ክር ተንጠልጥሎ፣
የግድግዳውን ስንጥቅ ስለካ ዋልኩ። አሥራ አራት ስንዝር ከጣት።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ።
ቀኙ ብቻ። ግራው ለከርሞ ወር ነው።
ዝም አለች። እናቷን አየቻት፣ አላወቀቻትም፤
ባልቀረባት እንግዳ ፊት የሚያፍር ልጅ ሆነች።
ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን አሽትታ "እማ!"
ገልጣ እንደገና አየቻት፣ ሁለቱን ልታስማማ።

ወደ እኔ ዞረች።
ፊቴን አልፋ፣ ደረቴ ላይ፣ ክሩ ጋ ቆመች።
ጣቷን ላከች፤ ሳተች።
ደግማ ላከች፤ አየር ነካች።
በሦስተኛው ደረሰች።
"አባ፣" አለች፣ "ባለ አራት ነበር። ጎድሏል።"

አሁን በረንዳው ላይ ናት፤ መነጽሯ እንደ ጠርሙስ ቂጥ፣
ላስቲኩን እኔ ሰፋሁላት፣ ለጭንቅላቷ ማደግ ትርፍ ትቼ ሁለት እጥፍ።
ጠዋት ጠዋት ደህና የሚያየውን እንሸፍናለን፣ ሰነፉ እንዲሠራ፤
ታለቅሳለች፣ ትገነጥለዋለች፣ እንለጥፋለን፣ ተራ በተራ።
ደንበኛ ይስቅብኛል፤
"ልብስ ሰፊው ቁልፍ አጣ!"
ዶክተሩ የራሱን ተክሏል።
የእኔ ገና ነው። ጣሳው ውስጥ አለ፣ ከነፕላስተሩ፤
ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ቀዳዳውን ነው፣
ከዚያ ወደ ላይ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ፊቴ።